ስሜቱ ሲበርድ ሰውን ከሰው ምን ያቆየዋል?

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ነበር። መብራት ሄዷል። ባለቤቴና ልጆቹ ተኝተዋል። እኔ ሻማ አብርቼ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ነበር የሰነበተው።

የጻፍኩት ባጭሩ ይህን ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ጎንደር አንድ ሠርግ ደግሰን ነበር። ሙሽሮቹ መልከ መልካም ናቸው፤ ሁለቱም የተማሩ፣ ሁለቱም ሥራ ያላቸው። ፎቶ የተነሡት ፋሲል ግቢ ነው። ያን ቀን ሲተያዩ ያየ ሁሉ እንዲህ ያለ ፍቅር አይቶ እንደማያውቅ ሲያወራ ነበር። ባለፈው ወር ተፋቱ። አንዱ በአንዱ ላይ አልሄደም፤ አልተደባደቡም፤ የገንዘብ ጣጣም አልነበረባቸውም። ልጁን፣ ባልየውን፣ አግኝቼ ምን እንደነካቸው ብጠይቀው ስሜቱ ጠፋ ብቻ አለኝ። እኔም ይህንኑ ይዤ መጣሁ። መልክና ስሜት ሰውን ያገናኛል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ከዚያ በኋላ 20 ዓመት፣ 30 ዓመት አብሮ የሚያኖረው ግን ምንድን ነው?

ስም አልጠራሁም፤ ሰፈርም አልተናገርኩም። ስተኛ አንድም መልስ አልነበረም። እስከ ቅዳሜ ሌሊት 43 ደረሰ። ሁሉንም ከላይ ጀምሬ እንደገና አንብቤአቸዋለሁ። ብዙዎቹ የጓዳቸውን ነው ያወጡት፤ ስለዚህ ቃል በቃል አልገለብጥም። በራሴ አፍ ላውራችሁ።

1ኛው መልስ ከአንድ ወጣት ነው። በጣም በትሕትና፣ እህቴ እያለ ነው የጻፈው። ለሱ መልሱ ልጅ ነው። ልጅ ሲወለድ ሰው ስለ ስሜቱ ማሰብ ያቆማል፤ ለልጁ ሲል ይኖራል። እናትና አባቱም እንዲህ እንደኖሩ ያምናል።

2ኛዋ ነርስ ነች። በጨዋ ደንብ ነው ያረመችው። አብረዋት ያደጉ ጎረቤቶቿ ልጅ ሳይወልዱ አርጅተዋል። ዘመድ ሌላ እንዲያገባ ሲወተውተው ባልየው አሻፈረኝ ብሎ ኖሯል። ዛሬም ገበያ የሚወርዱት አብረው ነው፤ እሱ ዘንቢሉን ይይዛል፣ እሷ ትከራከራለች። ስድስት ልጅ ወልደው የተፋቱም እንደምታውቅ ጨምራለች። ልጅ ሰውን ቤት ውስጥ ያስቀምጥ ይሆናል እንጂ አያዋድድም የሚል ነው ሐሳቧ። እኔም በልቤ አዎ አልኩ።

3ኛው ዲያቆን ነው። በቁርባን የታሰረ እንደ ሰማንያ በቀላሉ አይፈታም፤ ሰውዬው መውጫ እንደሌለው ሲያውቅ መኖሪያውን ያበጃል ሲል ጻፈ። 4ኛዋ ደግሞ እዚሁ ጎንደር ከአዲስ ዓለም ሰፈር የምትጽፍ ሙስሊም እናት ናት። ትሕትናዋ ደስ ይላል። በእነሱም ዘንድ ኒካሕ ቃል ኪዳን እንደሆነ ገልጻ፣ ቁርኣን ግን የሰውን ድካም ስለሚያውቅ ባልና ሚስት እንዳይለያዩ ሲፈራ ከእሱ ወገን አንድ፣ ከእሷ ወገን አንድ ሽማግሌ ላኩ እንደሚል አስታወሰች። ሱረቱ ኒሳእ ላይ ነው፣ ቁጥር 35። ቃሉ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሲላላ የሚያጠብቀው ሰው እንደሚያስፈልግ ነው የተናገረችው። ዲያቆኑም ከሥሩ መጥቶ ምስጋናውን አስፍሯል።

5ኛው መልስ አንድ ቃል ነው። ብር።

6ኛው ላይ ነገሩ ሰፋ። ጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ረጅም ነው የጻፈው፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍቅር ሲጀምር ልብን የሚያስመታው፣ እንቅልፍ የሚያሳጣው ነገር ዶፓሚን ከሚባል የአእምሮ ንጥረ ነገር ጋር የተያያዘ ነው ይላል። አሜሪካ ውስጥ ያለች አንዲት የሜዳ አይጥ አለች። አንዴ ከተጣመረች ከጓደኛዋ አትለይም። የቅርብ ዘመዷ የሆነችው የተራራዋ አይጥ ግን ዞር ብላም አታይ። ልዩነታቸው ኦክሲቶሲንና ቫሶፕሬሲን የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች የሚቀበሉት የአእምሮ ክፍሎች አቀማመጥ ላይ ነው። ሰው ግን አይጥ አይደለም። ሮበርት ስተርንበርግ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በፈረንጆቹ 1986 ፍቅርን በሦስት ማዕዘን እንደሳለው ገለጸልን። አንዱ ማዕዘን ስሜት ነው። ሁለተኛው ቅርርብ፣ ሦስተኛው ቃል መግባት። ስሜት ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎም ይበርዳል። ሁለቱ ግን ቀስ ብለው የሚያድጉ ናቸው። ስለዚህ ስሜቱ ጠፋ ያለው ልጅ የጠፋበት ከሦስቱ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሌሎቹ ሁለቱ መጀመሪያውንም መኖራቸውን መጠየቅ አለበት ሲል ደመደመ።

7ኛው መጣና ድምፁ ተቀየረ። አያቶቻችን አይጥ ሳያዩ ስንት ዓመት ኖሩ የሚል ነው ቁም ነገሩ። ፈረንጅ ራሱ ከማንም በላይ እየተፋታ እኛን ስለ ትዳር ያስተምረናል ወይ እያለ ጮኸ። ስድብም ነበረበት፤ እሱን እዘለዋለሁ።

መምህሩ በ8ኛው መለሰለት፤ አልተቆጣም። አንዱን ነገር እንዲያውም አስተካከለ። ስሜት የግድ ይሞታል የሚለው የራሱ አባባል ሙሉ እውነት እንዳልሆነ አምኗል። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ አንድ ጥናት በአማካይ 21 ዓመት በትዳር የኖሩና አሁንም እንዋደዳለን የሚሉ 17 ሰዎችን የባለቤታቸውን ፎቶ እያሳየ አእምሯቸውን ኤምአርአይ በሚባል የምርመራ መሣሪያ አይቷል። ዶፓሚን የሚመነጭበት ቦታ አዲስ ፍቅር እንደያዘው ሰው ያበራ ነበር። 17 ሰው ጥቂት ነው፤ ይህንንም ራሱ ተናግሯል። ግን ይቻላል ማለት ነው። ቀጥሎ ጆን ጎትማን የሚባል ተመራማሪን አነሳ። ሰውዬው ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ እየቀረጸ ሲያጠና የኖረ ነው። ያገኘው ነገር እኔን አስደንግጦኛል። ባለትዳሮች ከሚጣሉባቸው ጉዳዮች 69 በመቶው መቼም የማይፈቱ ናቸው። የሚቆዩትም የሚለያዩትም ጠብ አያጡም። የሚቆዩት እየተጣሉ እንኳ ለአንድ ክፉ ቃል አምስት ደግ ነገር ይኖራቸዋል፤ ፈገግታም ይሁን፣ መንካትም ይሁን፣ እሺ ማለትም ይሁን። ደግሞም በጠቡ መሃል አንዱ የመታረቂያ ምልክት ሲያሳይ ሌላው ያያል፣ ይቀበላል።

ይህን ሳነብ አባቴና እናቴ ትዝ አሉኝ። ወደነሱ እመለሳለሁ።

ከ9 እስከ 13 ያሉት ስለ ሠርግ ወጪ ናቸው። አንዱ ፋሲል ግቢ ፎቶ መነሣቱን ነቀፈ። ሌላዋ ነገሥታቱ የኖሩበት ቦታ ላይ ልጆቻቸው ቢነሡ ምን አለበት አለች። ከዚያ ወደ ቪዲዮ ኪራይ፣ ወደ ዳስ፣ ወደ መልስ ድግስ ሄደ። 12ኛው ተበድሮ ደግሶ ሁለት ዓመት ዕዳ ሲከፍል እንደነበረና ከሚስቱ ጋር የመጀመሪያው ጠባቸው በዚያ እንደሆነ ተናገረ። እሱን ማንም ልብ አላለውም። ያሳዝነኛል፤ ከአምስቱ ወደ ጥያቄዬ የተጠጋው እሱ ብቻ ነበር።

14ኛው መልስ ነው ይህን የተያያዘ ውይይት፣ ክሩን፣ ክር ያደረገው።

አንዲት ልጅ ናት። ቁስቋም በኩል ከአያቶቿ ጋር ትኖራለች። ጥያቄዬን ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ አያቷ መልሱን እየነገሯት ጻፈች። አባባ 81 ዓመታቸው ነው። ከባለቤታቸው ጋር 56 ዓመት ኖረዋል። እንደሳቸው አባባል ሴትዮዋን ሳያዩ ነው ያገቡት፤ ስለዚህ ስለ ስሜት መጥፋት የሚሉት የላቸውም፤ መጀመሪያም አልነበረም። ጠብ ግን ነበር። አንዴ በግ ሳያማክሯት ሸጡ። አንዴ ለወንድማቸው ገንዘብ አበደሩ። በተጣሉ ቁጥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ይወጡና ከግድግዳው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። የጎንደርን የክረምት ማታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ነው። ብርዱ ንዴታቸውን ሲያወርድላቸው ይገቡና ውኃ ስጪኝ ይላሉ። አልጠማቸውም። ይቅርታ ማለት ግን አያውቁበትም፤ አባታቸውም ሲል አልሰሙም። እሷ በጣሳ ትሰጣቸዋለች፣ ይጠጣሉ፣ አለቀ። 56 ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው ብለው አስጻፏት።

ከሥሩ ብዙ ሰው ልብ አስቀመጠ። እኔም አስቀመጥኩ። አይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

15ኛዋ ግን ይህን ሁሉ ቆራርጣ ጣለችው። ትክክልም ነበረች። እናቷ 35 ዓመት በትዳር ኖራለች። 35ቱንም ስትደበደብ። ሰው ሁሉ ጥሩ ሚስት ይላታል፤ ሽማግሌ በመጣ ቁጥር ቻይው ብሎ ይመልሳታል። እናቷ የቆየችው ስለወደደች አይደለም። የምትሄድበት ስላልነበራት ነው። ስለዚህ ምን ያቆያል ብሎ መጠየቅ ለብዙ ሴት ምን አሰረሽ ብሎ እንደመጠየቅ ነው ስትል ጻፈች። እኔን በቀጥታ ነው የወቀሰችኝ።

16ኛው ነገሩን አባባሰው። የዛሬ ሴት መታገሥ አትችልም፤ ትዳር የፈረሰው ሴቶች ደሞዝ ማግኘት ሲጀምሩ ነው አለ። 17 ላይ እሷው ተመለሰች፤ የዚህን ጊዜ ስለት ነበራት። በደሞዝ የሚፈርስ ትዳር ቀድሞ በችግር ብቻ የቆመ ነው፤ ሰውዬው ሚስቱ ብር ብታገኝ ትታው እንደምትሄድ ካመነ ስለራሱ ነው የተናገረው። 18 ላይ ነርሷ ገባች። አያቷ ስትዳር ገና የወተት ጥርሷ እንኳ ወልቆ እንዳላለቀ ተናገረች። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በጎንደር ገጠር ምን ያህል እንደነበረ የማያውቅ የለም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ዕድሜው 18 ሆኖ በ1995 ዓ.ም. ቢጻፍም በሥራዋ ገና ልጅ የሆኑ እናቶችን እያየች ነው። የድሮ ትዳር ቆየ ስንል ስንቷ ሕፃን ነች የቆየችው ብላ ጠየቀች።

16ኛው ሌላ መልስ አልጻፈም።

19ኛው የእኔ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የምሬን ነው። ጥያቄዬንም አረምኩት። መሄድ የሚችሉ ሁለት ሰዎች፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ለምን ይቆያሉ? እንዲህ ነበር መጀመሪያውኑ መጠየቅ የነበረብኝ። ዱላ ያለበትን ቤት ከዚህ አወጣሁት፤ እዚያ መቆየት የሚወደስ ነገር አይደለም። 15ኛዋ አመሰገነችኝ። ከዚያ በኋላ ክሩ ውስጥ ከማንም በላይ ደግ የሆነችው እሷ ነበረች።

20 ላይ የቁስቋሟ ልጅ ተመልሳ መጣች። የዚህን ጊዜ ያስጻፏት ሴት አያቷ ናቸው። አባባን ለማረም ነው የመጡት።

ሰውዬው እንዳልጠማው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ያውቃሉ። ውኃው ግን አላስታረቃቸውም። ውኃማ ለመንገደኛም ይሰጣል። እሳቸውን ያረታቸው ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው። አባባ ጠጥተው ሲጨርሱ ጣሳውን ለሳቸው አይመልሱላቸውም። ራሳቸው ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው ጓዳ ይገቡና እንስራው አፍ ላይ ይደፉታል። በዚያ ዘመን ወንድ ጓዳ ገባ ከተባለ መሳቂያ ነው። ሌላ ቀን እግራቸው ጓዳ ረግጦ አያውቅም። በጠብ ቀን ብቻ። እማማ ጣሳው እንስራውን ሲነካ ያለውን ድምፅ ጨለማ ውስጥ ሆነው ያዳምጡ ነበር። ያ ድምፅ ሲሰማ ሆዳቸው ይለሰልሳል። ይህን ለባላቸው አንድ ቀን ነግረዋቸው አያውቁም።

ልጅቷ ከታች አንድ ነገር ጨመረች። አባባ አጠገባቸው ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። ምንም አላሉም። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት።

እዚህ ላይ ክሩ ቢያበቃ አልጠላም ነበር። ግን ጎንደር ነን፤ ታሪክ ሳይነሣ አይሆንም። 21 ላይ አንድ የታሪክ መምህር ዐፄ ቴዎድሮስንና ተዋበችን አመጣ። ጋብቻው የፖለቲካ ነበር። ካሳን ለመያዝ ታስቦ የራስ ዓሊ ልጅ ተሰጠችው። በኋላ ካሳ ከገዛ አባቷ ጋር ተዋጋ፤ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አሸነፈው። እሷ ግን ከባሏ አልተለየችም። በ1850 ዓ.ም. ስትሞት ንጉሡ እንዴት እንዳዘነ ያልጻፈ የለም። ፍቅር ያለ ምርጫ ጀምሮ በምርጫ ሊቆይ ይችላል ሲል ጻፈ።

22ኛው አረመው፤ ሊቅ ሰው ይመስላል። ያው ቴዎድሮስ በኋላ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገባ። አባቷ በእስሩ ነበር። ያ ትዳር ሰላም አልነበረውም። ሰውዬው አንድ ነው፤ ትዳሩ ሁለት። ቀጥሎ የጻፈው ለእኔ አዲስ ነበር። የጥሩወርቅ አባት ውቤና የጣይቱ አባት ብጡል ወንድማማቾች ናቸው። ከአንድ የስሜን ቤት የወጡ የአጎት ልጆች፣ አንዷ ትዳሯ መራራ ሆነ፤ ሌላዋ በ1875 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር በቁርባን ተጋብታ 30 ዓመት ኖረች። ሁለቱ አብረው ልጅ አልወለዱም። ሁለቱም ቀድሞ አግብተው የፈቱ ናቸው። እሱ ታሞ አንደበቱ ሲዘጋ ያስታመመችው እሷ ነች። በ1906 ዓ.ም. ሲያርፍ እንጦጦ ማርያም ወጥታ እስከ ሞቷ፣ እስከ 1910 ዓ.ም.፣ እዚያ ተቀመጠች። ለ1ኛው ወጣት ይህን ያነበበ ልጅ ብቻ ነው አይበል የሚል መልእክት ነበረው። ወጣቱም ዝቅ ብሎ ተቀበለ።

ከ23 እስከ 29 ያለው ስለ ቴዎድሮስና ጥሩወርቅ ልጅ፣ ስለ ልዑል ዓለማየሁ ነው። የጥሩወርቅ ስም ሲነሣ የማይቀር ነው። እናቱ በመንገድ ሞተች፤ እሱ እንግሊዝ አገር ሄዶ በ18 ዓመቱ አረፈ፤ ዊንድሶር ተቀበረ። በፈረንጆቹ 2023 አጽሙ ይመለስ ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ እምቢ አለ። ሰው ተቆጣ፤ አንዱ ሌላውን ባንዳ እስከማለት ደረሰ። የማይገባ ነገር ነበር። ቁጭቱ ግን የእኔም ነው። 30 ላይ ገብቼ ለሱ ሌላ ክር እንዲከፈትለት ለመንኩ፤ ተከፈተም።

31ኛዋ ወጣት ነች፤ ጎንደር ሆና እጮኛዋ አዲስ አበባ ነው። በ2016 ዓ.ም. እኛ ዘንድ ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ያሳለፉትን ተረከች። ስልኩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። መንገዱም አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። አንድ ቀን አንድ ሹፌር ፖስታ አመጣላት። ከደብተር የተቀደደ አራት ገጽ ነው። ልጁ እጽፋለሁ ብሎ የማያውቅ፣ በአማርኛ አንድ ገጽ መጻፍ የሚያቅተው ሰው ነው። ስለ ፍቅር የሚል አንድም መስመር የለውም። ምን እንደበላ፣ የተከራየበት ቤት ጣሪያ የት የት እንደሚያፈስ፣ ማታ ማታ ምን እንደሚሰማ ነው የጻፈው። እሷም ያፈሰሰውን ቦታ በሐሳቧ ስትቆጥር እንዳመሸች ተናገረች። ፎቶዎቹን ሁሉ ከስልኳ ብታጠፋ አይቆጫትም፤ ያን ወረቀት ግን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

32 ላይ መምህሩ ይህን ከጥናቱ ጋር ሊያያይዘው ሞከረ። 7ኛው ሰውዬ ግን ቀደመውና ልጅቷን በእግዚአብሔር ስም መረቃት። ያ ሁሉ ሲቆጣ የነበረ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት እንደሆነው በዚያው ተናገረ። ለዚህ ነበር ጥናት የሚባል ነገር ያስመረረው፤ ገባኝ።

33ኛው የእኔ ነው። የእናትና የአባቴን አወጣሁ። ያደግኩት ቀሃ አካባቢ ነው። እነሱ ሲኳረፉ ቀጥታ አይነጋገሩም። እኔ ነኝ መሃል የምሮጠው። እናቴ በይው ትለኛለች፤ አባቴ በያት ይለኛል፤ ሁለቱም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ቡና ግን አይቀርም። ጠብ ኖረም አልኖረም ከሰዓት ቡና ይፈላል። አቦሉን ትቀዳና በእኔ ታቀብለዋለች፤ ፊቷን ወደ ከሰሉ አዙራለች። ቶናውን ስትቀዳ ስኳሩን እንደሚወደው አድርጋ ጨምራለች፤ እኔ አየዋለሁ፣ እሱም ያያል። በረካው ላይ ሲኒውን ራሷ ትሰጠዋለች። እሱ ሲቀበላት ስለ አንድ የማይረባ ነገር ይጠይቃታል፤ ዝናቡ ሊመጣ ነው እንዴ እንደማለት። እሷም ትመልሳለች። ሦስት ሲኒ ነው የሚፈጀው። ልጅ ሆኜ ቡና ሦስቴ የሚጠጣው ለዚህ ይመስለኝ ነበር። እኔና ባለቤቴ በ16 ዓመት ትዳራችን አንድ ክረምት ሙሉ ተዘጋግተን አሳልፈናል። ያን ክረምት ቡና አፍልቼ አላውቅም ነበር፤ ሁለታችንም በየሥራ ቦታችን ነበር የምንጠጣው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ እዚያ ግን ጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የየራሱን ማውጣት ጀመረ። 34ኛዋ ባሏ ሲያጠፋ እንጀራውን ከጠርዙ ሳይሆን ከመሃሉ ቆርሶ ወደሷ በኩል እንደሚገፋው ጻፈች። 35ኛው የሚስቱ ይቅርታ ሸሚዙን መተኮስ ነው፤ ሌላ ጊዜ ራሱ ነው የሚተኩሰው። የአዲስ ዓለሟ እናት ባለቤቷ ሌሊት ለሱብሒ ሶላት ሲነሣ በኩርፊያ ቀን ብርድ ልብሱን ወደሷ ደርቦ እንደሚሄድና እሷም የተኛች መስላ እንደምትቆይ ተናገረች። 37ኛው ሚዜውን ይልካል። 38 ላይ ዲያቆኑ የነፍስ አባትን ሚና ሊያስረዳ ፈለገ፤ ረዘመበት። 39ኛዋ እሷም ባሏም ምንም ምልክት የላቸውም፤ ቁጭ ብለው በግልጽ ይነጋገራሉ፤ ይህ ሁሉ መደባበቅ ያደክማል ባይ ናት። የከተማ ልጅ ናት መሰለኝ። የሷም መንገድ መንገድ ነው፤ ለቻለው ከሁሉ ይበልጣል። 40 እና 41 ከሷ ጋር ተከራከሩ፤ በጨዋነት።

42ኛዋ ያችው 15ኛዋ ናት። ከአንድ ዓመት በፊት እንዳገባች ተናገረች። እስካሁን ባሏ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር እሷ ሳታስበው እጇን ወደ ፊቷ ታነሣለች። አንድ ቀን ይህን አየ። ከዚያ ጀምሮ ሲናደድ መጀመሪያ ይቀመጣል። ወንበር ካጣ መሬት ላይ። ከዚያ ነው የሚናገረው።

43ኛው ልጁ ነው። ስሜቱ ጠፋ ያለኝ። ክሩን ማን እንዳሳየው አላውቅም፤ ራሱ ነው እኔ ነኝ ብሎ የገባው። ሁሉንም አንብቦታል። እሱና ሚስቱ የሚጣሉት ማታ ማታ ነበር፤ ሳይታረቁ ይተኛሉ። ጠዋት ሲነሣ ስልኩ ቻርጅ ሆኖ ያገኘዋል። እሱ ሁልጊዜ ይረሳል፤ ሌላ ቀን ስልኩ ሞቶ ነው የሚያድረው። ከጠብ በኋላ ግን ሞልቶ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ከመነጽሩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ስልኩን ልትበረብር የምታነሣው መስሎት አንድ ቀን ጮኸባት። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም። የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ነግሯት እንደማያውቅ ትዝ ያለው አሁን፣ የእማማን የጣሳ ነገር ሲያነብ ነው።

የጻፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ከሱ በኋላ የጻፈ የለም። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም አጠፋሁት።